በድምፅ ማጉያ የሚመረጥ ሕይወት፦ ስለ ኩላሊት ሕሙማን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት
በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለጤና፣ ማኅበራዊ ልማት፣ ባህልና ስፖርት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ሕክምናን ማን፣ በምን መስፈርትና በማን ወጪ እንደሚያገኝ በጽሑፍ እንዲወሰን ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ሐኪም ሆኜ አይደለም። በአዲስ አበባ የአንድ ሰፈር ዕድር ጸሐፊ ነኝ፤ ጡረታ እስክወጣም የኖርኩት በሒሳብ ሥራ ነው። ስለዚህ የማነሣው ነገር ከሕክምናው ይልቅ ወደ ደንቡና ወደ ገንዘቡ ያዘነብላል። ጥያቄዬ አንድ ነው። መንግሥት ለኩላሊት ሕሙማን ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ፣ ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥና ማንን እንደሚያስቆይ በጽሑፍ አውጥቶ ይንገረን። ሁሉን ለሁሉም አድርጉ አላልኩም። አገሪቱ የምትችለው ትንሽ ከሆነ ትንሹን በሚታወቅ መስፈርት አከፋፍሉ ነው የምለው።

የዕድር ነገር ይገርማል። አባል ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ወንበርና ድስት እናወጣለን፣ በመተዳደሪያ ደንባችን የተቆረጠውን ገንዘብም ሳንውል ሳናድር ለቤተሰቡ እናስረክባለን። ማንም ደጅ አይጠናም፤ ሟቹ ተወዳጅ ይሁን ተጨቃጫቂ ደንቡ አይጠይቅም። ያው አባል በሕይወት እያለ ኩላሊቱ ሥራ ሲያቆም ግን ደንባችን ዝም ይላል። ያን ጊዜ ወረቀት ይዘን ከቤት ቤት እንዞራለን። ለተግባቢው ሰው ብዙ ይዋጣል፤ ቁጥብ ለሆነው፣ ለኩርፍተኛው፣ ሰፈሩን ገና ላለመደው ተከራይ የሚሰበሰበው የሁለት ጊዜ የኩላሊት እጥበት፣ ማለትም ደምን በማሽን የማጣራት ሕክምና፣ ወጪ እንኳን አይሆንም። የዕድራችን ጉድለት ነው ብዬ ልተወው አስቤ ነበር። ነገር ግን ቀና ብዬ ሳይ አገሩም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

መገናኛን፣ ሜክሲኮን፣ ስታዲየም አካባቢን ታውቃላችሁ። የሚኒባሱ ጎን በትልቅ ሸራ ተሸፍኗል፤ ሸራው ላይ የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ፣ ከጎኑ የሆስፒታል ማኅተም ያረፈበት የሐኪም ማስረጃ፣ ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ። ከላይ የታሰረው ድምፅ ማጉያ «ሁለቱም ኩላሊቶቹ ከሥራ ውጪ ሆነዋል፤ ወገን ድረሱልን» ይላል፤ በሣጥን ገንዘብ የሚሰበስቡ ልጆች ደግሞ በታክሲ ሰልፉ መሐል ይመላለሳሉ። መንገደኛው ይሰጣል። ሕዝባችን እጁ አጥሮ አያውቅም፤ የኑሮ ውድነት አንገቱን አንቆት እንኳን ይሰጣል። ችግሩ የሕዝቡ ርኅራኄ አይደለም።

ችግሩ እዚያ ሸራ ላይ የሚወጣው ማን ነው የሚለው ነው። ወጣት ነው፤ ፎቶግራፉ አንጀት ይበላል። ሚኒባስ የሚያፈላልጉ፣ ፈቃድ የሚያስጨርሱ፣ ፀሐይ ላይ የሚውሉ ጓደኞች አሉት። ቴሌግራም ላይ ቡድን የሚከፍትለት፣ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ መዋጮ የሚያስተባብርለት ዘመድ አለው። ከገጠር መጥታ የልጇ ቤት ጥግ ላይ የተኛች የስድሳ ዓመት እናት ሸራ ላይ አትወጣም። የቀን ሠራተኛው አይወጣም። የሰው ፊት እሳት ነው ብሎ የሚያፍረው መምህርም አይወጣም፤ ቤቱን ዘግቶ ጥሪቱን ይጨርሳል፣ ጥሪቱ ሲያልቅ እርሱም ያልቃል። በዚህ ላይ የሐሰት ማስረጃ ይዘው የሚለምኑ ተገኙ የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር መንገደኛው እጁን ይሰበስባል፤ ዕዳውን የሚከፍለው እውነተኛው በሽተኛ ነው።

እንግዲህ ባለሥልጣናት «አቅማችን ውስን ስለሆነ ለሁሉም ማዳረስ አንችልም» ስትሉ እሰማለሁ፤ እውነት ነው። ለሁሉም ማዳረስ ካልተቻለ ግን ምርጫ እየተደረገ ነው ማለት ነው። አሁንም በየቀኑ ማን ይኑር ማን ይሙት የሚለው ይወሰናል። ውሳኔው ግን የእናንተ ማኅተም የለበትም፤ ወሳኙ ድምፅ ማጉያው ነው። እኔ የምቃወመው ይህንን ነው።

ስለ እጥበት ጥቂት ልበል፤ ከሩቅ የሚያውቁት ሰዎች እንደ መርፌ ተወግቶ መሄድ የሚያስቡት አሉና። በዕድራችን አንድ የታክሲ ሹፌር አለ። ለዓመታት ወገቡን ሲያመው ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ የተባለውን፣ ሲዘወተር ኩላሊት የሚጎዳ የሕመም ማስታገሻ እየገዛ ይውጥ ነበር። የደም ግፊት እንዳለበት አያውቅም፤ ማንም ለክቶት አያውቅም። ማታ ማታ ማስታወክ ሲጀምረው ጨጓራ መስሎት ከረመ። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ የኩላሊትን አሠራር የሚለካው የክሪያቲኒን የደም ምርመራ ሕመሙ የመጨረሻው ደረጃ ላይ መድረሱን አሳየ። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ ይተኛል። ሐኪሞቹ የሚመክሩት ሦስት ቀን ነው፤ ኪሱ የሚፈቅደው ሁለት ነው። የግራ ክንዱ ላይ ለእጥበቱ ሲባል በቀዶ ሕክምና የተገናኙት ደም ሥሮች አብጠዋል፤ እጅ ሲያሳርፉበት እንደ ሞተር ይርገበገባል፤ «ከነበሩኝ ሞተሮች የቀረኝ ይህ ነው» እያለ ይስቃል። ሽንት ስለማይወጣው የሚጠጣው ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል። ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሲቀዳ እርሱ ግማሽ ስኒ ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ ይዞት ይቀመጣል። ሙዝና ብርቱካን በፖታሲየማቸው ምክንያት ተከልክሏል። ገንዘብ አጥሮት አንድ እጥበት ሲያልፈው እግሩ ያብጣል፣ ከዚያ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ ጋደም ማለት አቅቶት ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ያድራል። ሚስቱ በዚያ ሌሊት የምትቆጥረው ትንፋሹን ነው።

ሒሳቡን በቀላል ቁጥር ላስቀምጠው። የእጥበት ዋጋ በመንግሥትና በግል ተቋም ስለሚለያይ፣ ለማስላት እንዲመቸን ብቻ አንድ ጊዜ 3,000 ብር ነው እንበል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሲሆን በዓመት 104 እጥበት፣ 312,000 ብር ይመጣል። እንደ ሐኪሞቹ ምክር ሦስት ጊዜ ቢሆን 156 እጥበት፣ 468,000 ብር። ይህ ማሽኑ ብቻ ነው። ደም ማነሱን የሚያክመው የኢሪትሮፖይቲን መርፌ፣ የግፊት መድኃኒቱ፣ ላቦራቶሪው፣ ትራንስፖርቱ፣ ከክፍለ ሀገር ለመጣው ደግሞ የቤት ኪራዩ አልተደመረም። ይህን የሚችል የመንግሥት ሠራተኛ፣ ገበሬ ወይም ሹፌር አላውቅም። ለአንድ ዓመት የሚችል ቢገኝ እንኳን ሕመሙ የዕድሜ ልክ ነው።

እንዲህ ላለው ነገር ነበር መድን የተፈጠረው። ብዙዎች ጥቂት ጥቂት ይከፍላሉ፤ ዕዳው በጥቂቶች ላይ ሲወድቅ የጋራው ቋት ያነሣዋል። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀጥሎ የወጣውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 271/2005 ግን ስታነቡ መድኑ የማይሸፍናቸው አገልግሎቶች ተዘርዝረዋል፤ ከውበት ቀዶ ሕክምናና ከመነጽር ጋር አብረው የአካል ንቅለ ተከላና የኩላሊት እጥበት ተቀምጠዋል። ከክልከላው የወጣው እጥበት ለአጣዳፊው የኩላሊት ሥራ ማቆም የሚደረገው ብቻ ነው። በአጭሩ ኩላሊቱ በጥቂት ሳምንት ሊያገግም ለሚችለው ሰው ይሸፈናል፤ ለማያገግመው አይሸፈንም። መድኑ ራሱ ሥራ ላይ መዋሉ ለዓመታት ሲጓተት ስለኖረ ይህች መስመር ብዙ ሰው ዓይን ውስጥ አልገባችም። ለገበሬውና ደመወዝተኛ ላልሆነው የተቋቋመውን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተሩን በኪሱ ይዞ ከገጠር የመጣ የአባላችን ወንድምም ክፍያ መስኮቱ ላይ «እጥበት በዚህ አይስተናገድም» ተብሎ ተመልሷል። በየዓመቱ መዋጮውን ሳያዛንፍ የከፈለ ሰው ነው።

ደንቡን ያረቀቁትን ሰዎች አልወቅስም። በጊዜው እጥበት የሚሰጡት ተቋማት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ንቅለ ተከላማ በአገር ውስጥ አልነበረም። አዲስ የሚቋቋም ቋት ገና ሳይጠራቀም በአንድ በሽታ እንዳይራቆት መስጋት የሒሳብ ሰው የሚገባው ስጋት ነው፤ እኔም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብቀመጥ አነሣው ነበር። ግን ደንቡ ከወጣ በኋላ ብዙ ነገር ተለውጧል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተሠርቷል። እጥበትም ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክልል ከተሞች ዘልቋል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ የኩላሊት ጤናን የሚመለከት የውሳኔ ሐሳብ አጽድቆ አባል አገሮች መከላከሉንም ሕክምናውንም በጤና ዕቅዳቸው ውስጥ እንዲያካትቱ ጠይቋል። መስመሯ ግን እዚያው አለች።

«የዕድሜ ልክ ሕክምና መንግሥት ሊሸከም አይችልም» የሚለውን ክርክር አገራችን ራሷ አንድ ጊዜ አፍርሳዋለች። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ያልተጠራጠረ አልነበረም። ዛሬ ብዙ መቶ ሺሕ ሰው መድኃኒቱን እየወሰደ ልጆቹን ያሳድጋል። በርግጥ የዚያን ወጪ ትልቁን ድርሻ የሸፈኑት ግሎባል ፈንድና የአሜሪካ መንግሥት ናቸው። ለኩላሊት እንዲህ ያለ ለጋሽ አልመጣም፤ የሚመጣም አይመስለኝም። ስለዚህ ጉዳዩ የራሳችን ቋት ጉዳይ ነው። ጎረቤት ኬንያ በመንግሥት የጤና መድኗ በኩል በሳምንት ሁለት እጥበት መሸፈን ከጀመረች ቆይታለች። ሱዳን ጦርነቱ ሳያፈርሳት በፊት በመንግሥት ማዕከላት በነፃ ትሰጥ ነበር። ታይላንድ በ2008 እ.ኤ.አ. እጥበትን በጤና ሽፋኗ ስታስገባ ውድ የሆነውን ማሽን ለሁሉም ከመግዛት ይልቅ በሽተኛው ቤቱ ሆኖ በሆድ በኩል የሚያደርገውን እጥበት አስቀደመች፤ ብዙ ውኃ፣ የማያቋርጥ መብራትና የሩቅ መንገድ የማይጠይቅ ስለሆነ ለገጠሩ ሕዝብ ይመቻል። የእኛ ሚኒስቴር ይህኛውን አማራጭ በቁም ነገር ቢመረምረው እላለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን ልታነቡት የምመኘው የደቡብ አፍሪካን ጉዳይ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ሱብራመኒ የተባሉ የስኳር፣ የልብና የኩላሊት ሕመምተኛ በደርባን የመንግሥት ሆስፒታል እጥበት ከልክሎኛል ብለው እስከ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሄዱ። ሆስፒታሉ ማሽኖቹ ስለማይበቁ ቅድሚያ የሚሰጠው ለንቅለ ተከላ ብቁ ለሆኑ በሽተኞች ነው የሚል የተጻፈ መመሪያ ነበረው። ፍርድ ቤቱ መመሪያው ምክንያታዊና ለሁሉም እኩል የሚሠራ መሆኑን ተመልክቶ ለሆስፒታሉ ፈረደ፤ ሰውየው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ልብ የሚሰብር ፍርድ ነው። ነገር ግን ሰውየው የሚከራከሩበት ደንብ ነበራቸው። የተከለከሉበት ምክንያት በመመሪያው ተጽፎ ነበር፤ ዳኛ ፊት ቀርበው መስፈርቱ ትክክል አይደለም ማለት ችለዋል። የእኛ ሹፌር ለየትኛው ዳኛ ነው «ድምፅ ማጉያው አላነሣኝም» ብሎ አቤት የሚለው?

መስፈርት ይውጣ ስል ምን ዓይነት እንደሆነ መናገር አለብኝ፤ ሌላው ይውሰድ ብሎ ዝም ማለት አይገባኝም። በእኔ ግምት መድኑ ለሥር ሰደዱ ሕመም እጥበት መክፈል ሲጀምር መጀመሪያ መያዝ ያለበት ሕፃናትንና ወጣቶችን፣ እንዲሁም ለመለገስ የተዘጋጀ ዘመድ ኖሮት ምርመራው እስኪያልቅ የሚጠባበቀውን ሰው ነው። ለዚህ ሰው እጥበት መሸጋገሪያ ነው፤ ተነቅሎ ከተተከለለት በኋላ ወደ ሥራው ይመለሳል። ንቅለ ተከላ ከተሠራበት ዓመት በኋላ ያለው ወጪም በአብዛኛው አገር ከእጥበት ያነሰ ነው። ለጋሽ የሌለውና በዕድሜ የገፋው ሰው ምን ይሁን ስትሉኝ መልሱ ያመኛል፤ ከቋቱ አቅም ጋር እየሰፋ የሚሄድ የወጪ መጋራት፣ እጥበት ለማይቀጥል ደግሞ ሕመሙን የሚያስታግስ እንክብካቤ። የዚያች የስድሳ ዓመት እናት ልጅ ይህን ሰምቶ እንደሚቆጣ አውቃለሁ። ቢቆጣ፣ ቢጽፍ፣ ምክር ቤት ድረስ ቢሄድ ደስ ይለኛል፤ የሚቆጣበት የተጻፈ ነገር ይኑረው።

አሁን ወደ ልገሳው ልሻገር። ያ ሹፌር አንዲት ታናሽ እህት አለችው። ፀጉር ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ደማቸው ተስማምቷል፤ ለመስጠትም ፈቃደኛ ናት። ያቆማት ፍርሃት እንዳይመስላችሁ፤ ስለ አንድ ኩላሊት መኖር ሐኪሞቹ አስረድተዋታል፣ አደጋው ትንሽ እንጂ ባዶ እንዳልሆነም ነግረዋታል። ያቆማት የቤት ኪራይ ነው። ለምርመራው የሚመላለሱበት ቀን፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከባድ ነገር ሳታነሣ የምትቆይባቸው ሳምንታት፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ማን ይከፍላታል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሹ ጋር። እርሷ ግን አልታመመችም፤ ጤነኛ ሆና ነው ቀዶ ሕክምና የምትገባው። አሠሪዋ «ማን ግቢ አለሽ?» ቢላት መልስ የላትም። ለለጋሽ የተለየ የፈቃድ ድንጋጌ ይጻፍ። የጠፋባትን ገቢና የትራንስፖርቷን ወጪ ቋቱ ይተካ። ኩላሊት መሸጥና መግዛት ወንጀል ነው፣ ወንጀል ሆኖም ይኑር፤ ስለ አካል ንግድ የወጣው የ2008 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የኢስታንቡል መግለጫም ንግዱን በጥብቅ ያወግዛል። ያው መግለጫ ግን ለጋሹ በልገሳው ምክንያት ያወጣውን ትክክለኛ ወጪ መተካት ኩላሊት መግዛት አይደለም ይላል። ለጋሹ ሳይከስር እንዲሰጥ ማድረግ ደላላውን የሚያባርር እንጂ የሚያቀርብ አይደለም።

ለቀዶ ሕክምና ሕንድ ስለሚሄዱትም አንድ ነገር። የሕክምና ቦርድ ማስረጃ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ የለጋሹና የአስታማሚው ቲኬት ሲደመር አንድ ቤተሰብ ከሸጠው ቤት የሚተርፈው ነገር አይኖርም። ከዚያም በሽተኛው ተመልሶ ሲመጣ ታክሮሊመስና ማይኮፊኖሌት የተባሉትን መድኃኒቶች ዕድሜ ልኩን ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት። መድኃኒቱ ለሳምንታት ከገበያ ሲጠፋ ሰውነቱ የተተከለለትን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። ለንቅለ ተከላው ሪባን ከመቁረጥ ይልቅ ለዚህ ኪኒን ግዥ በጀት መያዝ ይቀድማል።

ከሞቱ ሰዎች ስለሚገኝ ኩላሊት ስናወራ «ባህላችን አይፈቅድም» የሚባለው ነገር ለእኔ የሰነፍ መልስ ነው። የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከሟቾች የዓይን ብሌን እየሰበሰበ ለዓይነ ሥውራን ብርሃን ሲሰጥ ኖሯል፤ ሰው በሕይወት እያለ ቃል ይገባል፣ ቤተሰብ ሐዘን ላይ ሆኖ ስልክ ይደውላል። ደምም እንዲሁ ነው። ትናንት በሽተኛው የሚፈልገውን ደም ያመጣ የነበረው ዘመዱ ነበር፤ የደም ባንኩ ከቀይ መስቀል ወደ መንግሥት ከተዛወረ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሥራው በበጎ ፈቃደኞች ልገሳ ላይ ተመሠረተ። ሁለቱም ዛሬ በኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት ሥር ናቸው። ሕዝቡ ሲጠየቅ ይሰጣል፤ የጠየቀው ግን ጥቂት ነው።

ኩላሊት ከዓይን ብሌን እንደሚከብድ አልክድም። የዓይን ብሌን ልብ ካቆመ ከሰዓታት በኋላም ይወሰዳል። ኩላሊት ግን በአብዛኛው የሚገኘው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ፣ አንጎሉ ሙሉ በሙሉ ሞቶ በማሽን ከሚተነፍስ ሰው ነው፤ ከተወሰደም በኋላ በቅዝቃዜ የሚቆየው አንድ ቀን ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው። የአንጎል ሞትን ከንቅለ ተከላው ቡድን ውጪ ያሉ ሐኪሞች እንዲያረጋግጡት፣ ማን ተራ እንደሚያገኝ ገንዘብና ዘመድ የማይነካው ዝርዝር እንዲኖር፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ የሚያነሣ አስተባባሪ በየትልልቁ ሆስፒታል እንዲቀመጥ ያስፈልጋል። ሕግ መጻፍ የዚህ ሁሉ መጀመሪያ ነው፤ መመሪያው፣ ሥልጠናውና በጀቱ ካልተከተለው ወረቀት ሆኖ ይቀራል። እዚህ ላይ ዕድሮችን ጥሩን። እኛ ከሐዘንተኛ ቤተሰብ ጋር ሌሊት የምንቀመጥ ሰዎች ነን፤ ልቡ የተሰበረን ሰው እንዴት እንደሚያናግሩት እናውቃለን። ቀሳውስቱ፣ ሼኾቹና ፓስተሮቹም ምእመናኑ «አስከሬን ጎድሎ ይቀበራል ወይ?» ብለው ሲጠይቋቸው የሚመልሱትን አብረውን ይምከሩ፤ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም፣ የሚመጣውም በለቅሶ ሰዓት ነው።

መከላከሉን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላስረዝመውም። ከ30 ሺሕ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያሉት አገር የደም ግፊት መለኪያና የሽንት ፕሮቲን መመርመሪያ ወረቀት በየቀበሌው ማድረስ አያቅተውም። መድኃኒት ቤቶች ዳይክሎፌናክን እንደ ከረሜላ መሸጣቸውንም የሚቆጣጠር ይኑር። ሹፌሩን አንድ ሰው በሠላሳ ዓመቱ ግፊቱን ለክቶት ቢሆን ኖሮ ስለ እርሱ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ስለ ግብዓት ግን ዝም ብዬ አላልፍም። አንድ እጥበት ከ100 ሊትር በላይ የተጣራ ውኃ ይፈልጋል፤ ማጣሪያው፣ የደም ቱቦው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሔፓሪን፣ ማጠቢያ ፈሳሹ ሁሉ ከውጭ የሚገባ ነው። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል የቀሩት ጥቅም የላቸውም። በትግራይ ጦርነት ጊዜ መቀሌ ዓይደር ሆስፒታል ግብዓቱ ሲቋረጥበት እጥበት ላይ የነበሩ ሰዎች ማሽኑ እያለ መሞታቸውን ሐኪሞቹ ለዓለም ተናግረዋል። ለሌላው መድኃኒት የወር መዘግየት ወረፋ ያረዝማል፤ ለዚህኛው የሁለት ሳምንት መዘግየት የቀብር ቁጥር ነው። የግዥ ሥርዓቱ ይህን ልዩነት እንዲያውቅ አድርጉት።

ገንዘቡስ ከየት? እንደ ሒሳብ ሰው የምጠቁመው አንድ ቦታ አለ። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በሲጋራ፣ በአልኮልና በለስላሳ መጠጦች ላይ ቀረጥ ሲጥል አንዱ ምክንያት የሕዝብ ጤና ነበር። ከዚያ ገቢ በሕግ የተወሰነች ድርሻ ለጤና መድኑ የከባድ ሕመሞች ቋት ትቆረጥ። ገንዘብ ሚኒስቴር ለአንድ ዓላማ ብቻ የሚታጠር ገቢ እንደማይወድ አውቃለሁ፤ ክርክሩንም አልንቀውም። ከሕፃናት ክትባት በጀት ላይ ግን አንድ ሳንቲም እንዲነሣ አልፈልግም፤ አንዱን ደሃ ለማዳን ሌላውን መንጠቅ ስለሆነ። ዳያስፖራውም ዛሬ በየግለሰቡ ሒሳብ የሚልከውን ለዚህ ቋት እንዲልክ ከተፈለገ በየሦስት ወሩ ኦዲት የሚደረግና ለሕዝብ የሚገለጽ ይሁን፤ ያለዚያ ሰው የሚያምነው ሸራውን ነው።

ከእናንተ የምጠብቀው ምላሽ ረጅም አይደለም። በደንብ ቁጥር 271/2005 ላይ እጥበትንና ንቅለ ተከላን የሚያገለው መስመር ይሻሻላል ወይስ አይሻሻልም? ከተሻሻለ በየትኛው መስፈርት፣ በሳምንት ስንት እጥበት፣ ከስንት የወጪ መጋራት ጋር? የለጋሽ ፈቃድና የወጪ ምትክስ በየትኛው ሕግ ይገባል? በአገሪቱ ስንት ሰው እጥበት ላይ እንዳለ፣ ስንቱ እንዳቋረጠና ለምን እንዳቋረጠ በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጻል ወይ?

መልሱን የምፈልገው ለክርክር ብቻ አይደለም። ዕድራችን ለታመሙ አባላት በሕይወት እያሉ የሚከፈል የሕክምና መርጃ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ለማስገባት ረቂቅ እያዘጋጀ ነው። ረቂቁን ለጠቅላላ ጉባኤ የማቀርበው እኔ ነኝ። መድኑ የእጥበቱን ወጪ የሚሸፍን ከሆነ የእኛ መዋጮ ለትራንስፖርትና ለቤት አስቤዛ ይሆናል፤ የማይሸፍን ከሆነ ወርኃዊ መዋጮውን ከፍ ማድረግ ሊኖርብን ነው፣ ያንን የማይችሉ አባላት ደግሞ አሉን። ስለዚህ አይሸፈንም የሚል መልስ ቢሆንም እንኳን ማኅተም አሳርፋችሁ ላኩልን።

ከአክብሮት ጋር
የዕድሩ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለገንዘብ ሚኒስቴር
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት
ለኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ